ኢሞ፣ ዋትሳፕ ወይስ ቦቲም? ከስደት አገር በሞባይል ዳታ ወደ ቤት ለምትደውሉ

ዱባይ ወይም ሪያድ የምትሠራ እህት አዲስ ስልክ ስትገዛ ጓደኞቿን የምትጠይቀው "የቱ ይሻላል?" ብላ ነው። የነገሯትን ትጭናለች። እሷ ጋ ጥርት ብሎ ይሠራል፤ ወሎ ገጠር ያለችው እናቷ ጋ ግን "ሀሎ፣ ሀሎ፣ አትሰሚኝም?" ከመባባል አያልፍም። የኢንተርኔት ጥሪ ሁለት ጫፍ አለው፣ ጥራቱን የሚወስነውም ደካማው ጫፍ ነው። ስለዚህ ምርጫው መጀመር ያለበት ከእናት ስልክ፣ ከእናት ኔትወርክና ከእናት ካርድ ነው።

ከካርዱ እንነሳ፣ ብዙዎቻችን የምንዘነጋው እሱን ነውና። በመደበኛው መስመር ከውጭ ሲደወል ኢትዮጵያ ያለው ተቀባይ አይከፍልም። በኢንተርኔት ሲደወል ግን ሁለቱም ወገን ዳታ ይበላበታል። የእናት የዳታ ጥቅል በወሬው መሀል ካለቀ ሒሳቡ በቀጥታ ከካርዷ ላይ መቆረጥ ይጀምራል፤ የሞላችው ካርድ የት እንደገባ ሳታውቅ ያልቃል። "በነፃ ደወልኩላት" የምንለው ጥሪ ለእሷ ነፃ አይደለም።

ስንት እንደሚበላ በስሌት እንየው። ቴሌግራምን ጨምሮ ብዙ መደወያዎች ድምፅን የሚጨምቁት ኦፐስ በሚባል ዘዴ ነው። ኦፐስ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ የወጣ ሲሆን በሰከንድ ከ6 እስከ 510 ኪሎቢት ድረስ እንደ ኔትወርኩ ይሳባል፣ ይሸበሸባል። ለሰው ንግግር 24 ኪሎቢት በደንብ ይበቃል። ድምፁ ብዙ ጊዜ በ20 ሚሊሰከንድ እየተቆረጠ በሰከንድ 50 ፓኬት ሆኖ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ፓኬት ደግሞ መድረሻውን የሚያመለክት 40 ባይት ያህል ተጨማሪ ሸክም ይይዛል። ይህ ሸክም ብቻውን በሰከንድ 16 ኪሎቢት ነው። ድምሩ በአንድ አቅጣጫ 40፣ በመላክና በመቀበል 80 ኪሎቢት ይሆናል። 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ ይህ በደቂቃ 600 ኪሎባይት፣ በሰዓት 36 ሜጋባይት ማለት ነው። ቪዲዮ ሲሆን በየአቅጣጫው 500 ኪሎቢት ብንይዝ እንኳ በደቂቃ 7.5፣ በሰዓት 450 ሜጋባይት ይበላል። ያው 1 ጊጋባይት በድምፅ 27 ሰዓት ያህል ሲያስወራ፣ በቪዲዮ ከ2 ሰዓት ብዙም አያልፍም። ልጅ ለማየት፣ አዲስ ቤት ለማየት ቪዲዮ ይከፈት፤ ከዚያ ካሜራው ይዘጋና ወሬው በድምፅ ይቀጥል።

እነዚህን ቁጥሮች በራሳችሁ ስልክ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። በዋትሳፕ ሴቲንግስ ውስጥ ስቶሬጅ ኤንድ ዳታ፣ ቀጥሎ ኔትወርክ ዩሴጅ የሚለውን ክፈቱ። ከታች ያለውን ሪሴት ስታቲስቲክስ ነክታችሁ ወደ ዜሮ መልሱት፣ ልክ 10 ደቂቃ አውሩ፣ ተመልሳችሁ ኮልስ ከሚለው ጎን ያለውን የተላከና የተቀበለ መጠን ደምራችሁ ለ10 አካፍሉ። ሌሎቹን መደወያዎች በስልኩ የዳታ አጠቃቀም ገጽ ላይ በየስማቸው ታገኟቸዋላችሁ። ሁለት አፖችን በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ቦታ መለካት ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቅ እውነቱን ይነግራል። እግረ መንገዳችሁን እዚያው ስቶሬጅ ኤንድ ዳታ ውስጥ ዩዝ ሌስ ዳታ ፎር ኮልስ የሚለውን አብሩ፣ ፎቶና ቪዲዮ በሞባይል ዳታ በራሱ እንዳይወርድም ዝጉ። ይህን በእናት ስልክ ላይ ማስተካከል ይቅደም፤ ጥቅሉን ቀድሞ የሚጨርሰው ብዙ ጊዜ ጥሪው ሳይሆን ከየግሩፑ በራሱ የሚወርደው ቪዲዮ ነው።

"የቴሌግራም ጥቅል" ወይም "የዋትሳፕ ጥቅል" እየተባለ የሚሸጠውን ስትገዙላቸው ጥሪን ያካትት እንደሆነ አረጋግጡ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ከጥሪው በፊት በኢትዮ ቴሌኮም *804# ደውለው ቀሪውን ይዩ፣ አምስት ደቂቃ ያውሩ፣ እንደገና ይዩ። ካርዱ ከቀነሰ ጥቅሉ ጥሪውን አልሸፈነም።

ወደ ኔትወርኩ ስንመጣ፣ በስልኩ አናት ላይ ያሉት ዘንጎች የሚያሳዩት ሲግናሉ ምን ያህል እንደሚደርስ ብቻ ነው፤ ታወሩ ምን ያህል እንደተጨናነቀ አይናገሩም። ይልቅ ከዘንጎቹ አጠገብ ያለውን ምልክት ጠይቁ። 4ጂ ካለ ቪዲዮም ይቻላል፤ 3ጂ ወይም ኤች (H) ካለ ድምፅ ይበቃል፤ ኢ (E) የምትለዋ ፊደል ከወጣች ግን የቀጥታ ጥሪን ተዉት። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለጥሩ ንግግር የሚመክረው ድምፅ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ጆሮ በ150 ሚሊሰከንድ ውስጥ እንዲደርስ ነው፤ ከ400 ካለፈ ሰው በሰው ላይ መናገር ይጀምራል። ኢ ላይ ይህ መዘግየት በቀላሉ ይታለፋል፣ የትኛውም አፕ አያድነውም።

እንዲህ ሲሆን የድምፅ መልእክት ቅረጹ። በቀጥታ ጥሪ ላይ የጠፋ ፓኬት ጊዜው ስላለፈ ተመልሶ አይመጣም፤ ቃሉ ተቆርጦ ይቀራል። የተቀረጸ መልእክት ግን የጎደለው ቁራጭ እንደገና እየተላከ እስኪሞላ ድረስ ይጠብቃል፣ ዘግይቶም ቢሆን ሙሉ ሆኖ ይደርሳል። አንድ ደቂቃ ድምፅ ከሩብ ሜጋባይት ብዙም አያልፍም። ማንበብ ለማይችሉ እናቶችም ከጽሑፍ የተሻለ ነው፤ ደጋግመው ይሰሙታል።

የምትኖሩበት አገር ሕግ ደግሞ ሌላው ወሳኝ ነገር ነው። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች የዋትሳፕ ጽሑፍ፣ ፎቶና የድምፅ መልእክት ይሠራል፣ ጥሪው ግን ዝግ ነው። ፈቃድ ካላቸው መካከል ቦቲም፣ ጎቻት፣ ዙምና ጉግል ሚት ይገኙበታል። ቦቲም የሚሠራው እናትም ከጫነችው ነው፤ በአንዳንድ የዳታ ጥቅል ላይ ደግሞ ከኦፕሬተሩ የኢንተርኔት ጥሪ ጥቅል መግዛት ይጠይቃል፤ ሲም ስታወጡ ይህን በግልጽ ጠይቁ። ዙም በነፃው አገልግሎት በ40 ደቂቃ ይቆርጣል። ሳዑዲ አረቢያ በመስከረም 2017 እ.ኤ.አ. መስፈርቷን ላሟሉ አፖች ጥሪ ብትከፍትም አንዱ ሲሠራ ሌላው ላይሠራ ይችላል። ኳታርና ኦማንም ገደብ አላቸው። ቤይሩት የዋትሳፕ ጥሪ የሕዝቡ መገናኛ ነው፤ በጥቅምት 2019 እ.ኤ.አ. መንግሥት በወር 6 ዶላር ሊያስከፍልበት ሲነሳ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ በዚያው ቀን አስቀርቶታል። አሜሪካ፣ አውሮፓና እስራኤል ላሉ በዚህ በኩል ችግር የለም።

የስልኩን የኢንተርኔት አድራሻ ደብቆ የተዘጋን አፕ ስለሚያስከፍተው ቪፒኤን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፣ "ሁሉም ይጠቀማል" እየተባለ ብዙ እህቶች ይጭኑታልና። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤምሬቶች የሳይበር ወንጀል ሕግ የኢንተርኔት አድራሻን በማሳሳት ወንጀል የሠራን ወይም የሸፈነን ሰው በእስራት፣ ከ500,000 እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም በሚደርስ ቅጣት ወይም በሁለቱም ያስጠይቃል። ከሕጉም ሌላ ነፃ ቪፒኤን ጥሪውን በሌላ አገር ሰርቨር አዙሮ ስለሚወስደው መዘግየቱን ይጨምራል፣ ዳታም ያስበላል። የባንክ መልእክት በሚገባበት ስልክ ላይ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ነፃ ቪፒኤን መጫን ለአደጋ መጋለጥ ነው።

አሁን ወደ አፖቹ። እናት ያረጀ፣ ማኅደረ ትውስታው ጠባብ የሆነ ስልክ ከያዘች ኢሞ ቀላል ነው፣ በደካማ 3ጂም ይታገሣል፤ ከአረብ አገር ጋር የሚገናኝ ቤተሰብ ሁሉ ስለሚያውቀው የሚያስተምራትም አታጣም። ድክመቱ ማስታወቂያ መብዛቱና የማያውቁት ሰው መደወሉ ነው፤ ፕራይቬሲ ውስጥ ገብታችሁ ጥሪን ለታወቁ ሰዎች ብቻ አድርጉት። ዋትሳፕ ጥራቱና አስተማማኝነቱ የተመሰከረ ነው፤ ሁለቱም አገር ላይ ክፍት ከሆነ የመጀመሪያው ምርጫ መሆን ያለበት እሱ ነው። ቴሌግራም ኢትዮጵያ ውስጥ የሌለው ሰው ጥቂት ነው፤ የዳታ ቁጠባው በሞባይል ዳታ ብቻ ወይም ሁልጊዜ ተብሎ ይመረጣል። ለለቅሶ ወይም ለማኅበር ብዙ ሰው ሲሰበሰብ የግሩፕ ድምፅ ቻቱ ይጠቅማል፤ ዝም ብሎ የሚሰማ ሰው የሚበላበት በአብዛኛው የመቀበያው ዳታ ብቻ ነው። ስካይፕን የለመዳችሁ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ተዘግቷል።

አንድ አፕ ብቻ ይዞ መቀመጥ ግን አይገባም። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታግደው ነበር፤ በቴሌግራም ብቻ የሚገናኝ ቤተሰብ በአንድ ሌሊት ተጠፋፋ። ከተለያየ ኩባንያ ሁለት አፕ በሁለቱም ስልክ ላይ ይኑር፣ ሁለተኛው በወር አንዴ ይሞከር። ኢንተርኔቱ ጨርሶ ሲዘጋ የሚቀረው መደበኛው መስመር ነው። ለዚያ እንደ ቫይበር አውት ያለ ወደ ተራ ስልክ የሚደውል አገልግሎት ላይ ትንሽ ሒሳብ አስቀምጡ። ቁጥሩ ሲጻፍ የፊቷ ዜሮ ትወጣና +251 ይገባል፤ ቀጥሎ 9 ከሆነ ኢትዮ ቴሌኮም፣ 7 ከሆነ ሳፋሪኮም ነው፤ የደቂቃው ዋጋ በሁለቱ ላይ ሊለያይ ስለሚችል እዩት። ሒሳቡ ጊዜው የሚያልፍ መሆኑን፣ የተጀመረ ደቂቃ ሙሉ ተብሎ መቆጠሩንም ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡ።

"ብደውል አይጠራም" የሚለው አቤቱታ ብዙ ጊዜ ከኔትወርክ ጋር አይገናኝም። አንደኛው ምክንያት እናት ዳታውን ለመቆጠብ መዝጋቷ ነው፤ መፍትሔውም ሰዉ ራሱ ያገኘው ነው፦ በመደበኛው መስመር ሚስኮል ማድረግ፣ ዳታዋን ስትከፍት በአፑ መደወል። ሌላው ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ አፑን ከጀርባ መዝጋቱ ነው፤ በቴክኖ፣ በኢንፊኒክስና በአይቴል ላይ ይበዛል። ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ የአፑ ስም፣ ባትሪ ውስጥ ገብታችሁ አንሪስትሪክትድ አድርጉት፤ ፎን ማስተር የሚባል አፕ ካለም አውቶ ስታርት ውስጥ ፍቀዱለት። ሁለት ሲም ያለው ስልክ ደግሞ በአንዱ ሲም ዳታ እያወራ በሌላው ተራ ጥሪ ሲገባ ዳታው ይቆማል፤ ወሬው በድንገት "ሪኮኔክቲንግ" ካለ ዘግታችሁ እንደገና ከመደወላችሁ በፊት ትንሽ ታገሡ።

የራሳችሁን ድምፅ ተመልሶ ከሰማችሁ ጥፋቱ የእናንተ ስልክ አይደለም። በወዲያኛው ጫፍ ስፒከሩ ተከፍቶ ድምፃችሁ ወደ ማይኩ እየተመለሰ ነው፤ ስፒከሩን ይቀንሱ ወይም ኢርፎን ይሰኩ። ለአገር ቤት ሰው ኢርፎን መላክ ከአዲስ አፕ ይልቅ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። ሰዓትም ምረጡ፤ በኢትዮጵያ ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ሁሉም ሰው ኢንተርኔት ላይ ስለሆነ ታወሩ ይጨናነቃል፣ ማለዳ ግን ያው ስልክ፣ ያው አፕ ጥርት ይላል።

በመጨረሻ ቁጥሩን ጠብቁ። በመልእክት የሚመጣውን ባለ ስድስት አኃዝ ኮድ "በስህተት አንቺ ጋ ተልኮብኝ ነው፣ ላኪልኝ" የሚል ሰው፣ በእህት ስም ቢመጣ እንኳ፣ አካውንቱን ሊወስድ ነው። ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን አብሩ። ኮንትራት ጨርሳችሁ ወደ አገር ስትመለሱ ወይም አገር ስትቀይሩ የአረብ አገሩ ሲም ከተዘጋ በኋላ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ይሸጣል። ስለዚህ ሲሙ ገና እየሠራ ሳለ በዋትሳፕ አካውንት ውስጥ ቼንጅ ነምበር የሚለውን ከፍታችሁ ወደ አዲሱ ቁጥር አዙሩት፣ በቴሌግራምም እንዲሁ አድርጉ። ዋትሳፕ 120 ቀን ያልተከፈተ አካውንት ይሰርዛል። የቤተሰብን ቁጥር ደግሞ በወረቀት ጽፋችሁ ከፓስፖርታችሁ ጋር አስቀምጡ፤ ስልክ ሲጠፋ ወይም ሲወሰድባችሁ ከማንም ስልክ መደወል የምትችሉት ያ ወረቀት ካለ ነው።