ከዓድዋ አርባ አንድ ቀን በፊት

ውድ ወዳጆቼ፣ እንኳን ለዓድዋ ድል በዓል በሰላም አደረሳችሁ።

በየዓመቱ የካቲት 23 ሲደርስ ስለ ጦር ሜዳው እጽፍላችሁ ነበር። ዘንድሮ ልቤ ወደ ሌላ አገር፣ ወደ አሻንቲ መንግሥት መዲና ወደ ኩማሲ ሄዶብኛል። ወደዚያ የወሰደኝ አንድ ቀን ነው፤ ጥር 12 ቀን 1888 ዓ.ም.።

ያ ዕለት ለእኛ ቃና ዘገሊላ፣ የሚካኤል ታቦት በእልልታ ወደ መንበሩ የሚመለስበት ቀን ነበር። በዛሬዋ ጋና ደግሞ የአሻንቲው ንጉሥ ቀዳማዊ ፕሬምፔ ከእናቱ ጋር በገዛ ከተማው አደባባይ፣ በሕዝቡ ፊት፣ በእንግሊዙ አገረ ገዥ እግር ሥር እንዲንበረከክ ተደረገ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1874 የጣሉበትን 50,000 አውንስ ወርቅ ካሳ አሁኑኑ ክፈል አሉት። ጥቂቱን ዛሬ ሰጥቼ ቀሪውን ቀስ በቀስ ልክፈል አለ። አልሰሙትም፤ እናቱንና ሹማምንቱን ጨምረው ይዘውት ሄዱ። ጥይት አልተተኮሰም። ንጉሡ አስቀድሞ መልእክተኞቹን እስከ ለንደን ልኮ ነበር፤ የሚቀበላቸው አላገኙም።

በዚያው ሳምንት መቀሌ ላይ፣ እቴጌ ጣይቱ የውኃው ምንጭ እንዲያዝ ካደረጉ በኋላ፣ በውኃ ጥም የተፈታው የጣሊያን ጦር ምሽጉን ለቆ ይወጣ ነበር። ከጥር 12 እስከ የካቲት 23 ብትቆጥሩ አርባ አንድ ቀን ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ የዓድዋን ደስታ ብቻዬን መደሰት አልቻልኩም። እኛ ነጋሪት ስንጎስም፣ ከአፍሪካ ምዕራብ የነበረው ንጉሥ እስረኛ ሆኖ ነበር። ወደ ሴራሊዮን፣ ኋላም ወደ ሲሸልስ ደሴቶች ተወሰደ። ሃያ ስምንት ዓመት።

ስለ አሻንቲዎች መጀመሪያ የነገረኝ አብሮኝ ይሠራ የነበረ የኩማሲ ሰው ነው። በምን ቀን እንደተወለድኩ ጠየቀኝ። «ቀኑን አላውቀውም፤ በሚካኤል መሆኑን ግን እናቴ ነግራኛለች» አልኩት። እሱ ኮፊ ነው፤ ዓርብ የተወለደ ወንድ ማለት ነው። በእነሱ ዘንድ ሰው የተወለደበትን ዕለት ስም አድርጎ ይዞ ይኖራል። የወርቅ ዙፋናቸውም እንዲሁ ሲካ ድዋ ኮፊ ይባላል፤ «ዓርብ የተወለደ የወርቅ ዱካ»፣ ማለትም በርጩማ። ትውፊታቸው እንደሚለው፣ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም ካህኑ ኦኮምፎ አኖኪ ከሰማይ አውርዶ በመጀመሪያው ንጉሥ በኦሴይ ቱቱ ጉልበት ላይ አሳረፈው። የሕዝቡ ሁሉ ነፍስ ያለው በእሱ ውስጥ ነው ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ንጉሡም እንኳ አይቀመጥበትም። ዙፋኑ ራሱ የሚያርፍበት መቀመጫ አለው።

አሻንቲ ገናና መንግሥት ነበር፤ ጎረቤቶቹን ያስገበረ፣ ምርኮኛም የሸጠ። ይህን የምጽፈው የተጎዳን ሁሉ ንጹሕ ማድረግ ለእውነት አይጠቅምም ብዬ ስለማምን ነው።

ከነገረኝ ሁሉ ልቤን የነካው አዳዬ የሚሉት በዓል ነው። የሰባት ቀን ሳምንትና የስድስት ቀን ሳምንት አላቸው፤ ሁለቱ ዑደቶች በየ42 ቀኑ ይገናኛሉ። በባሕረ ሐሳብ ላደገ ሰው ይህ ባዕድ አይደለም። በዋዜማው ቤት ይጸዳል፣ ይሰናዳል። በእሑዱ አዳዬ፣ በአክዋሲዳዬ፣ ንጉሡ የቀደሙት ነገሥታት ጥቁር ዱካዎች ወደሚቀመጡበት ክፍል ይገባል። የተፈጨ ያም የተባለ ሥራ ሥር ያቀርባል፣ መጠጥ ያፈሳል፣ ሙታኑን በየስማቸው ይጠራል። ከዚያ በማንሺያ ቤተ መንግሥት አደባባይ ይወጣል። ከበሮው ይናገራል፤ አሻንቲዎች የሚናገሩት የአካን ቋንቋ በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጉም ስለሚለይ፣ ከበሮው ያንኑ ከፍታና ዝቅታ እየተከተለ ነው ቃል የሚያወጣው። ባላባቶቹ ኬንቴ የተባለውን የሽመና ልብስ ለብሰው፣ በትልልቅ ጥላዎች ሥር ተቀምጠው ይታያሉ። ጥላዎቹ ከፍ ዝቅ እያሉ ሲወዛወዙ አይቼ ጃንሜዳ ትዝ አለኝ።

ከዘጠነኛው አዳዬ ጋር ዓመቱ ይሞላል። እንግዲህ አስቡት፤ ፕሬምፔ ከተያዘ አንድ አዳዬ ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው ነው ዓድዋ ላይ ፀሐይ የወጣችው።

ዙፋኑን ግን እንግሊዞች አላገኙትም፤ ሕዝቡ ደብቆት ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1900 አገረ ገዥው ሆጅሰን ኩማሲ መጥቶ ባላባቶቹን ሰብስቦ፣ የወርቁን ዙፋን ለምን አልተቀመጥኩበትም ብሎ ጠየቀ። ንጉሣቸው እንኳ የማይቀመጥበትን! የአሻንቲዋ ከተማ የኤጂሱ ንግሥት እናት ያአ አሳንቴዋ፣ ወንዶቹ ሲያመነቱ፣ እናንተ ካልሄዳችሁ እኛ ሴቶቹ እንሄዳለን እንዳለች ይነገራል። ጦርነቱ ወራት ፈጀ። ተሸነፉ፤ እሷም ተማርካ ሲሸልስ ተወሰደች፣ እ.ኤ.አ. በ1921 እዚያው አረፈች። ዙፋኑን ግን አልሰጡም። ስለ ጣይቱ ስታወሩ ስሟን አብራችሁ ጥሩልኝ።

ከእነሱ ጋር የሚያገናኘን ዓድዋ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ተዘረፈ፤ በ1874 ኩማሲ ተዘርፎ ተቃጠለ። ሁለቱንም ዘመቻ ጋዜጠኛው ስታንሊ ተከትሏል፤ ታሪኩንም በአንድ መጽሐፍ አጣምሮ አሳተመው። ከሁለቱም ቦታ የተወሰደው ወርቅ ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በአንድ ጣሪያ ሥር ገባ። የመቅደላው ዘውድ አሁንም እዚያው ነው።

ፕሬምፔ እ.ኤ.አ. በ1924 ተመለሰ። ሲመለስ እንደ ንጉሥ ሳይሆን እንደ ተራ ሰው እንዲኖር ነበር የተፈቀደለት። እንግሊዞች ቤት ሠሩለት፤ እሱ ግን ሕዝቡ የቤቱን ዋጋ ከፍሎ እስኪጨርስ አልገባም አለ። ከፈሉ፤ ገባ።

ያ ቤት ዛሬ የማንሺያ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ነው። እ.ኤ.አ. በ2024፣ ኩማሲ በተዘረፈች በ150ኛው ዓመት፣ በለንደን ካሉት ሁለት ሙዚየሞች 32 የአሻንቲ ቅርሶች መጡለት። የመጡት ለሦስት ዓመት፣ በውሰት ነው። ከሎስ አንጀለስ የመጡት ሌሎች ሰባት ቅርሶች ግን ላይመለሱ ነው የገቡት።

መልካም የድል በዓል ይሁንላችሁ።