ድንች በዳይመንድ፦ ማይንክራፍት ውስጥ ጉሊት ከፍቼ የተማርኩት

የመጀመሪያ ሸቀጤ ኬክ ነበር። ሦስት ባልዲ ወተት፣ ሁለት ስኳር፣ አንድ እንቁላል፣ ሦስት ስንዴ። ማይንክራፍት፣ በብሎክ (በኩብ ቁራጭ) እየቆፈሩና እየገነቡ የሚጫወቱት የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ የኬክን ያህል ዓይን የሚስብ ምግብ የለም፤ ሰው ይሻማበታል ብዬ ዘጠኝ ጋገርኩ። መንደራችን መሀል አንዲት የእንጨት ሱቅ ቀልሼ፣ ኬኩን ሳጥን ውስጥ ከትቼ፣ «አንዱ በ1 ዳይመንድ» የሚል ታፔላ ለጠፍኩ። በሳምንቱ ሳጥኑን ስከፍት ዘጠኙም እዚያው ናቸው።

አብረን የምንጫወትበት ሰርቨር የአክስቴ ልጅ ንብረት ነው፤ ሜሪላንድ ሆኖ ያስተዳድረዋል። አሥራ አንድ ነን፤ ግማሾቻችን አዲስ አበባ፣ ግማሾቹ እዚያ። ሰርቫይቫል የሚባለውን፣ ሁሉን ራስ ለፍቶ የሚያገኝበትን ዓይነት ነው የምንጫወተው፣ ገንዘባችን ዳይመንድ ነው፣ ስለዚህ ቆፍሮ ያላወጣ ሰው ኪሱ ባዶ ነው። እኔ ደግሞ መቆፈር አልወድም። ጨለማው ያፍነኛል፤ ክሪፐር የሚሉት ጭራቅ ከኋላዬ ሲፈነዳማ ከወንበሬ ነው የምዘለው። ሌላው ይቆፍር፣ እኔ ላብላው አልኩ።

ኬኩ ለምን እንዳልተሸጠ የገባኝ አንዱን ልጅ ስጠይቀው ነው። «ቦታ ከየት አምጥቼ?» አለኝ። እውነቱን ነው። የተጫዋች ቦርሳ 36 ኪስ ነው ያለው። ስቴክ 64 ሆኖ አንድ ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ኬክ ግን እያንዳንዱ የራሱን ኪስ ይይዛል፣ አንዴ መሬት ላይ ከተቀመጠም አይነሳም። ቆፋሪ ደግሞ የሚጨነቀው ለብረቱና ለዳይመንዱ ቦታ ነው። እንጉዳይ ሾርባም እንደዚሁ ነው፣ አይደራረብም፤ እሱንም ሞክሬ ከስሬያለሁ።

ሌላው ያላስተዋልኩት ሳቹሬሽን የሚባለውን ነው። የጥጋብ መለኪያ ሆኖ ስክሪን ላይ የሚታየን አሥር የዶሮ እግር ነው፣ እያንዳንዱ ሁለት ነጥብ፣ በድምሩ 20። ከጀርባው ግን ሳቹሬሽን የተባለው የማይታይ ሌላ መጠን አለ፤ እሱ ተሟጥጦ እስኪያልቅ የዶሮ እግሮቹ አይነኩም። ስቴክ 8 ነጥብ ሞልቶ 12.8 ሳቹሬሽን ይሰጣል። ዳቦና የተጠበሰ ድንች 5 ነጥብና 6። ኩኪስ 2 ነጥብና 0.4 ነው፤ ያውና አፍ ማሟሻ። ይህን ካወቅኩ በኋላ ኬኬን ራሴው በላሁት።

ወደ ስቴክ ዞርኩ። ላሞች ስንዴ ሲበሉ ይዋለዳሉ፤ ወላጆቹ እንደገና እስኪዋለዱ 5 ደቂቃ፣ ጥጃዋ እስክታድግ 20 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ቦታ ልቆጥብ ብዬ ሁሉንም አንድ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ አጎርኳቸው። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ሳጥን እያስተካከልኩ የላም ጩኸት በላይ በላዩ ይሰማኛል። አንዱ ሊያበሽቀኝ እያረደብኝ ነው ብዬ ሰይፌን ይዤ ሮጥኩ። ማንም የለም። ለካ አንድ ቦታ ላይ ከ24 በላይ እንስሳ ሲታጨቅ ጨዋታው ራሱ እየጎዳ ይገድላቸዋል። ሠላሳ ምናምን የነበሩት 24 ሲሆኑ ጩኸቱ ቆመ። መሬት ላይ የወደቀ ዕቃ በ5 ደቂቃ ስለሚጠፋ ከሥጋውም ያተረፍኩት ጥቂቱን ነው። በማግስቱ ሰፊ በረት አጠርኩ።

ማብሰያው ላይ ብዙ አልተቸገርኩም። ፈርነስ (ተራው ምድጃ) አንዱን ሥጋ በ10 ሰከንድ ያበስላል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ከጨዋታው 1.14 ስሪት ጋር የመጣው የምግብ ምድጃ፣ ስሞከር፣ በ5። ስሞከሩን ለመሥራት አንድ ፈርነስና አራት ግንድ ይበቃል። በእሱ 64 ሥጋ በ5 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያልቃል ማለት ነው። ከሰልም ይቆጥብልኛል ብዬ ነበር፤ አይቆጥብም፣ በሁለቱም አንድ ከሰል ስምንት ሥጋ ነው። ከሰል ያለቀ ዕለት ካምፕፋየር ላይ አራት አራት እያደረግኩ ጠብሻለሁ። በ30 ሰከንድ ይደርሳል፣ ማገዶ አይጠይቅም፤ ግን አንድ በአንድ በእጅ ማስቀመጥ ነውና 64 ሥጋ ለመጥበስ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ከቪሌጀሮቹ፣ ጨዋታው ራሱ ከሚያንቀሳቅሳቸው የመንደር ሰዎች ጋር የገባሁበት ንግድ ግን አሁንም ያስቀኛል። ገበሬው ቪሌጀር 20 ስንዴ በ1 ኤመራልድ (የእነሱ ገንዘብ በሆነው አረንጓዴ ድንጋይ) ይገዛል። በዚያው በ1 ኤመራልድ 6 ዳቦ ይሸጣል። እኔ 6 ዳቦ ልጋግር ብል 18 ስንዴ ነው የሚፈጅብኝ። ስለዚህ ስንዴዬን ሰጥቼ ዳቦውን ብወስድ፣ ሰውዬው የጋጋሪ ዋጋ ብሎ የሚቆርጥብኝ ሁለት ስንዴ ብቻ ነው! ትርፉ ግን ዳቦው ላይ አይደለም። ገበሬው በሚገባ ከተነገደበትና የመጨረሻው ደረጃ ላይ ከደረሰ ወርቃማ ካሮት ያወጣል፤ ሦስቱን በ3 ኤመራልድ። ወርቃማ ካሮት 6 ነጥብ ቢሞላም ሳቹሬሽኑ 14.4 ነው፣ ከስቴክ ይበልጣል። ውጊያ የሚወዱ ልጆች ሌላ ምግብ አያዩም።

አንድ ጊዜ በር ልከፍት ብዬ ገበሬዬን በስህተት መታሁት። ወዲያው ዋጋ ጨመረብኝ። ቂመኛ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እሱ ጋ ስገባ እጄ ላይ ምንም አልይዝም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ገበያው ያን ያህል አልደራም ነበር። ሱቄ መንደር መሀል ናት፤ ሰው ደግሞ መንደር የሚመጣው ለመተኛት ነው። እኔ አዲስ አበባ ስተኛ ሜሪላንዶቹ ይገባሉ። ማታ ዘርቼ፣ ጠዋት ደርሶ አጭዳለሁ ብዬ ስገባ ስንዴው አንድ ጣት አላደገም። ሰዓቱ እየሄደ፣ ሰውም እየተጫወተ፣ የእኔ ማሳ ብቻ ቆሟል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ማይንክራፍት አካባቢው ላይ ተጫዋች ከሌለ ያንን ቦታ ያቆመዋል። እህል አያድግም፣ ጥጃ አያድግም፣ ስሞከሩም አያበስልም።

ነቅዬ ወጣሁ። ሁሉም የሚቆፍርበት ትልቁ ዋሻ አፍ ላይ፣ ኔዘር ወደሚባለው እሳታማ ዓለም የሚያሻግረው በር ካለበት ጥቂት እርምጃ ራቅ ብዬ አዲስ ሱቅ ሠራሁ። ማሳዬን ከሱቁ ጀርባ አደረግኩት፦ ዘጠኝ በዘጠኝ፣ መሀሉ ላይ አንድ ውሃ። ውሃ እስከ አራት ብሎክ ድረስ ስለሚያረጥብ 80 ጉድጓድ ስንዴ ይይዛል፣ አንድ አጨዳ 4 ኤመራልድ ማለት ነው። ዙሪያውን አጠርኩት፣ የታረሰ መሬት ላይ የዘለለ ሁሉ መልሶ ጠፍ ያደርገዋልና። ከዚያ በኋላ ሜሪላንዶቹ ሌሊቴን ሙሉ ሲቆፍሩ፣ እዚያ በመኖራቸው ብቻ ስንዴዬን ያሳድጉልኝ ጀመር። ጠዋት ስገባ ማሳው ቢጫ ሆኖ፣ ሳጥኑ ውስጥ ዳይመንድ ተቀምጦ አገኛለሁ። ደንበኞቼ ሳያውቁት ገበሬዎቼም ሆኑ። ለአንዳቸውም አልነገርኩም፤ የጉልበት ይጠይቁኛል።

ሻጭ የሌለበት ሱቅ ስለሆነ ነገሩ በእምነት ነው። አንዱ ሳጥን ምግብ፣ አንዱ ሳጥን ዳይመንድ። 64 ስቴክ በ1 ዳይመንድ፤ አምስት ዳይመንድ ለከፈለ አሥራ ስድስት ድንች ምርቃት። ምርቃቱን የጀመርኩት ለቀልድ ነበር። ግን አንድ ዳይመንድ ይዞ የሚመጣው ልጅ ሁሉ አምስት ማጠራቀም ጀመረ።

ድንች ራሱ የገባው በሁዳዴ ነው። የአክስቴ ልጅ ታላቅ እህት ዋሻው አፍ ላይ ቆማ ጻፈችልኝ፦ «አንቺ ልጅ፣ ድንች የለሽም እንዴ?» ስቴክ እኮ ሞልቷል አልኳት። «በጨዋታም ቢሆን ጾም ጾም ነው» አለችኝ። ሳቅኩ፤ በማግስቱ ግን አንድ ሳጥን የተጠበሰ ድንች አስቀምጬ «የጾም» የሚል ታፔላ ለጠፍኩበት። በሦስት ቀን ባዶ ሆነ። መጾም ያልጀመሩት ሁሉ ገዙ። ዓሣስ ይበላል ወይስ አይበላም የሚል ክርክርም ቻት ላይ ተነስቶ ነበር፤ እሱ አላለቀም፣ እኔም ጣልቃ አልገባሁም፣ ዓሣ አልሸጥም። ወርቃማ ካሮት ግን የጾም መሆኑን ሳስታውሳቸው ዋጋውን ከፍ አድርጌ ነው።

ትልቁ ሽያጬ አራት ልጆች የጨዋታውን ትልቁን ጠላት፣ ኤንደር ድራጎንን፣ ሊገድሉ የሄዱ ዕለት ነው። 64 ወርቃማ ካሮት በ4 ዳይመንድ፤ ሦስቱ ወዲያው ከፈሉ። አራተኛው ዳይመንዱን ለጦር ልብሱ ጨርሷል። ዱቤ አልሰጥም ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር፣ ነገር ግን የአክስቴ ልጅ ነው፣ የሰርቨሩም ባለቤት። ካሮቱን አንሥቶ ታፔላ ላይ «ነገ» ብሎ ጽፎልኝ ሄደ። እኔ ለዚያ 64 ካሮት የሸጥኩት ስንዴ የአሥራ ስድስት አጨዳ ነው።

ወደ ድራጎኑ ሳይደርስ ኔዘር ውስጥ ላቫ ውስጥ ገባ። ካሮቱም፣ የጦር ልብሱም፣ ሁሉም ተቃጠለ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ራቁቱን ሱቄ በር ላይ ቆሞ አየሁት። ታፔላውን ተመለከተ፣ እኔን ተመለከተ፣ ከዚያ ቻት ላይ እንዲህ ጻፈ፦ «ሌላ 64 ስጪኝና አንድ ላይ ጻፊው።»