ግራኙ ልጄና የሐምሌ ሚካኤል ሌሊት

ስሙ ይክበር ይመስገን። ይህን ምስክርነት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ያቺ ሌሊት ላይ ስደርስ እጄ ይንቀጠቀጣል። ባለቤቴ ግን «የተደረገልህን ደብቀህ ልትሞት ነው?» ብላ ያዘችኝ። እሺ፣ ይኸው።

ታክሲ ነጂ ነኝ። ሃያ ምናምን ዓመት ዋሽንግተንና አካባቢዋን ዞሬባታለሁ። አንድ ወንድ ልጅ አለኝ። ሥራው ቤዝቦል ነው። የሐበሻ ልጅና ቤዝቦል ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ልጄ ፒቸር ነው። ሜዳው መሃል ካለችው ጉብታ ላይ ቆሞ፣ 18 ሜትር ከምናምን ርቆ ዱላ ይዞ ለሚጠብቀው ሰው ኳስ ይወረውራል። ልጅ ሆኜ ማማ ላይ ወጥቼ በወንጭፍ ማሽላ ስጠብቅ ነው ያደግሁት፤ ሲወረውር ሳየው ያ ነገር ትዝ ይለኛል።

ደግሞ ግራኝ ነው። እናቴ ከጎጃም መጥታ አብራን ስትኖር በየማዕዱ «በቀኝህ ብላ!» እያለች አሳሩን ታበላው ነበር። የገላገሉት የንስሐ አባታችን ናቸው። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 20ን ገልጠው አነበቡላት። ከብንያም ነገድ ሰባት መቶ የተመረጡ ግራኞች ነበሩ ይላል፤ ድንጋይ ሲወነጭፉ አንዲት ጠጉር እንኳ አይስቱም። እናቴ ከዚያ ወዲያ ዝም አለች። አባታችን፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ። ቤዝቦል ደግሞ ግራኝ ይወዳል፤ ቡድኖች ግራኝ ፒቸር ሁልጊዜ ይፈልጋሉ። ልጄን እስከ ዛሬ እንጀራ ያበላችው ያቺ ግራ እጁ ናት።

በ2018 ድራፍት ተመረጠ፤ ቡድኖች አዳዲስ ልጆችን በየተራ የሚመርጡበት ነው። ያኔ 40 ዙር ነበር፤ እሱ ከሃያዎቹ በአንዱ ወጣ። እኔ ምን አውቄ! ሜጀር ሊግ፣ ትልቁ ሊግ፣ የገባ መስሎኝ ጓደኞቼን ጠርቼ ደገስኩ። ለካ ከሜጀር ሊግ በታች ማይነር ሊግ የሚባል ረጅም መሰላል አለ። በ2019 ታችኛው እርከን ላይ ደሞዙ በሳምንት 290 ዶላር ነበር። እሱም ጨዋታ ባለበት ወራት ብቻ። ያን ዓመት አንድ ፈረንጅ ባልና ሚስት በነጻ ቤታቸው አስቀምጠው እንደ ልጃቸው ያዙት። ጾም መሆኑን ሲነግራቸው ባቄላ ይቀቅሉለት ነበር። ስማቸውን አልጠራም፤ ዋጋቸውን የሚከፍለው እግዚአብሔር ያውቃቸዋል።

በዚያው ዓመት የክርኑ ጅማት ተበጠሰ። ቶሚ ጆን የሚሉት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በ1974 መጀመሪያ የተሠራለት ፒቸር ስም ነው። ከእጅ አንጓ በኩል ጅማት ወስደው ክርን ውስጥ ይተክላሉ። ሰውየው ከዚያ በኋላ 164 ጨዋታ አሸንፏል አሉኝ፤ እሱን ይዤ ተጽናናሁ። 2020 ላይ በኮቪድ ምክንያት ማይነር ሊግ ጭራሽ ሳይካሄድ ቀረ። ጓደኞቹ ሁሉ ቤት ተቀመጡ። የእሱ ክርን ግን በሰላም ዳነች።

ከዚያ መንከራተት መጣ። አንዱ ቡድን ይሸጠዋል፣ ሌላው ይወስደዋል፣ ሦስተኛው ያሰናብተዋል። ሻንጣው ከመኪናው ወርዶ አያውቅም። ኤድዊን ጃክሰን የሚባል ፒቸር አለ፤ እዚህ ለዋሽንግተኑ ቡድን ለናሽናልስም ተጫውቷል። በሜጀር ሊግ ለ14 ቡድን ወርውሯል። ልጄ «ጻድቄ እሱ ነው» እያለ ሲቀልድ እናቱ ትቆጣዋለች።

2023 ላይ የማይነር ሊግ የመጨረሻ እርከን፣ ትሪፕል ኤ ደረሰ። ከዚያ በላይ ያለው ሜጀር ሊግ ብቻ ነው። የእሱ የዓመት ደሞዝ 35,800 ዶላር ነበር፤ አንድ ደረጃ ከፍ ቢል ትንሹ 720,000። እውነቱን ልናገር፣ ያን ቁጥር እየቆጠርኩ ነበር የምጸልየው። እንደ ታክሲ ሒሳብ እግዚአብሔርን ተከራከርኩት። «ይህን አድርግልኝ፣ እኔ ደግሞ ይህን አደርጋለሁ።» በመጋቢት 2024 ቡድኑ ስልክ ደውሎ አሰናበተው። ሁለት ደቂቃ እንኳ አላወሩትም።

እኔም እግዚአብሔርን አኮረፍኩ። ባለቤቴን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አወርዳትና መኪና ማቆሚያው ውስጥ ቁጭ ብዬ ሬዲዮ እሰማለሁ። ቅዳሴው እስከ ውጭ ይሰማል፤ መስኮቱን እዘጋለሁ። እሷ «የፓርኪንግ ምእመን» አለችኝ። ስቄ አሳለፍኩት፤ ውስጤ ግን እርር ብሏል።

ልጄ አትላንቲክ ሊግ ገባ። ከትልልቆቹ ቡድኖች ጋር ያልታሰረ፣ የተሰናበቱ ልጆች እንደገና ለመታየት የሚጫወቱበት ሊግ ነው። ሐምሌ መጣ።

በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 12 ቀን 2016፣ አርብ። ወርኃዊው ሚካኤል ነው። ጠዋት እንደ ልማዴ ፓርኪንግ ነበርኩ። ባለቤቴ ጸበል ይዛ ወጣችና «ለልጃችን ጧፍ አበራሁለት» አለችኝ። ምን እንዳልኳት ታውቃላችሁ? «ሚካኤል ቤዝቦል አያውቅም።» ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። እሷ ምንም አልመለሰችም። ጸበሉን ብቻ ጭኗ ላይ አድርጋ ቤት ደረስን።

ማታ ደለስ ኤርፖርት ታክሲ መጠበቂያው ጋ ተሰልፌ ነበር። ጨዋታው ፔንሲልቬንያ ውስጥ ዮርክ ነው። በስልኬ በቀጥታ አያለሁ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ልጄ ገባ። የመጀመሪያውን ሰው አወጣ። ሁለተኛውን አወጣ። ሦስተኛው ላይ ኳሷ ስትመለስ አላየኋትም። ድምፅ ነው የሰማሁት። ሁለት ድምፅ። አንደኛው የዱላው ነው። ሁለተኛው የዱላ አልነበረም።

እዚያ ርቀት ላይ የተመታ ኳስ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ አይፈጅበትም። እጅ አያነሡበትም። ወደቀ። ካሜራው ወደ ሰማይ ዞረ። ከዚያ ማስታወቂያ ገባ። መኪና የሚሸጥ ሰውዬ እየሳቀ ያወራል። ያን ሰውዬ በሕይወቴ አልረሳውም።

ማስታወቂያው ሲያልቅ ልጄ ተቀምጧል። ከዚያ ቆመ። ደግፈውት በእግሩ ወጣ፣ ሰዉም አጨበጨበ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ራሱ ደወለ። «አባዬ፣ ደህና ነኝ። ራሴን ትንሽ አመመኝ እንጂ ደህና ነኝ። ለእማዬ እንዳትነግራት።» እኔም ሳቅሁ። ተራዬን ለመጠበቅ ወደ መኪናዬ ተመለስኩ።

ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። የቡድኑ የጤና ባለሙያ ናት። ወጣት ሴት። «ልጅዎ አስመለሰው። አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይጠይቀኛል። ወደ ሆቴል ሄጄ ልተኛ ብሎ ነበር፤ እኔ እምቢ ብዬ አምቡላንስ ጠርቻለሁ» አለችኝ። እምቢ ብዬ! ያቺን ቃል ያዙልኝ። እህቴ፣ ይህን ማንበብ ባትችዪም እግዚአብሔር ይስጥሽ። እኔ ስቄ ስልክ ስዘጋ አንቺ አልሳቅሽም።

እጄ መኪና የሚነዳ አልነበረም። ከፊቴ የተሰለፈው ጓደኛዬ አስመራ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠብቆ ተራው ሦስተኛ ደርሶለት ነበር። ፊቴን አየና መኪናውን እዚያው ትቶ የኔን ቁልፍ ቀማኝ። «ግባ» አለኝ። አንድም ነገር አልጠየቀኝም።

ለባለቤቴ ደወልኩላት። ትጮኻለች ብዬ ነበር። «ስልኩን አትዝጋው» አለችኝና ዳዊቷን አውጥታ ማንበብ ጀመረች። ዋሽንግተንን የሚዞረውን የቀበቶ መንገድ፣ ባልቲሞርን፣ ሁሉንም እሷ እያነበበች አለፍን። ኔትወርክ ሲጠፋ መኪናው ውስጥ የጎማ ድምፅ ብቻ ይቀራል። ሲመለስ እሷ ሌላ መዝሙር ላይ ደርሳለች። ጓደኛዬ በትግርኛ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። እኔ ብቻ ነኝ የምጸልየው የጠፋኝ።

ከባልቲሞር ወደ ሰሜን 83 መንገድ ላይ ኮረብታው ይበዛል። ጨለማው ውስጥ ጥቁር ጥቁር ብሎ ይታያል። ሳላስበው «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ፤ ረዳቴ ከወዴት ይምጣ?» አልኩ። ጥያቄው ላይ ቆምኩ። መልሱን ማለት አልቻልኩም። በምትኩ ጮኽሁ። «ወንጫፊ አድርገህ ሰጠኸኝ፣ እንደ ጎልያድ ግንባሩን መታኸው! ምን አደረገህ? የበደልኩህ እኔ፤ እሱ ምን አደረገህ?» ሌላም ብያለሁ። እዚህ አይጻፍም።

ጓደኛዬን ያስቆጣሁት መሰለኝ። እሱ ግን ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ «ንገረው። እሱ እንደኛ አይቀየምም» አለኝ።

ስንደርስ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብቷል። በራስ ቅሉና በአንጎሉ ሽፋን መካከል ደም እየተጠራቀመ ነበር። ይህ ነገር አታላይ ነው፤ ሰውዬው ያወራል፣ ይራመዳል፣ ደህና ነኝ ይላል፣ ከዚያ ተኝቶ ይቀራል። የተመታው በቀኝ በኩል ነው። ቀኝ አንጎል የሚያዘው ደግሞ ግራ እጅን ነው። ይህን ነርሷ ስታስረዳኝ ጉልበቴ ከዳኝ።

መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ የቡድኑ ካቸር፣ ልጄ የሚወረውረውን ኳስ የሚቀበለው፣ ተቀምጧል። ዶሚኒካዊ ነው። የጨዋታ ልብሱን አልቀየረም፤ ጉልበቱ ላይ አፈሩ እንዳለ ነው። እንግሊዝኛው ከኔም ይብሳል። ስልኩ ላይ መዝሙር 91ን ከፍቶ አሳየኝ። እኔ ደግሞ በጣቴ 90 ብዬ ሠራሁለት። 91 አለ። 90 አልኩ። ኋላ ገባኝ፤ በኛ ዳዊት አንድ ቁጥር ይቀንሳል እንጂ ያው «በልዑል መጠጊያ የሚኖር» ነው። እሱ በስፓኒሽ፣ እኔ በአማርኛ ጀመርን። «ከሌሊት ግርማ፣ በቀን ከሚበርር ፍላጻ» ላይ ስደርስ ድምፄ ተቆረጠ። እሱ ቀጠለ። «መላእክቱን ስለ አንተ ያዝዛቸዋልና» ላይ ተመለስኩ። የዕለቱ ሚካኤል ትዝ አለኝ። ጠዋት ያልኩት ቃልም። ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ። ስለ ሜጀር ሊግ አላነሣሁም። ስለ ግራ እጁም ለመለመን ድፍረት አጣሁ። «ትንፋሹን ብቻ» አልኩ። «ጌታዬ፣ ትንፋሹን ብቻ።»

ሐኪሙ ሊነጋጋ ሲል ወጣ። ደሙ እንደ ወጣ ነገረን። «ሆቴል ሄዶ ቢተኛ ኖሮ» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም።

ሲነቃ አስገቡኝ። ጭንቅላቱ ተጠቅልሏል፣ ፊቱ አብጧል። ነርሷ በቀኝ እጁ ጣቷን ጭመቅ አለችው። ጨመቀ። በግራህ አለችው። ምንም። ደግማ አለችው። ምንም። እኔ ጣቴን ሰጠሁት። ምን ያህል እንደ ቆየ አላውቅም። ከዚያ ሁለት ጣቶቹ ቀስ ብለው በላይ በኩል መጡ፣ አውራ ጣቱ ከሥር። ኳስ የሚይዘው እንደዚያ ነው። ጣቴን እንደ ኳስ ያዘኝ። ባለቤቴ ስልኩ ላይ «ምን ሆነ? ምን ሆነ?» ትላለች። አፌ አልከፈት አለኝ። ጓደኛዬ ነው «ያዘው፣ በግራው ያዘው» ያላት።

ኅዳር 12 ቀን እናቱ የተሳለችውን ጥላ ለሚካኤል አገባን። ተሸክሞ የገባው እሱ ነው። እኔም ከፓርኪንግ ወጥቼ ነበር፤ ቄሱ አይተውኝ ፈገግ አሉ።

ክረምቱ በልምምድ አለቀ። ተው ብዬው ነበር። በ2012 ብራንደን ማካርቲ የሚባል የኦክላንድ ፒቸር እንዲሁ ተመትቶ፣ በእግሩ ከሜዳ ወጥቶ፣ በዚያው ሌሊት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ በዓመቱ እንደ ተመለሰ ቪዲዮ ከፍቶ አሳየኝ። ምን እላለሁ? ኮፍያው ውስጥ ጠንካራ መከላከያ አስገባ። አንድ ቡድን ደግሞ ግራኝ ቸግሮት ፈረመለት።

በግንቦት 2025 ሜሪላንድ ዋልዶርፍ መጥተው ሲጫወቱ ሄድን። አስመራዊው ጓደኛዬም አለ፤ ያን ቀን ተራውን አልጠበቀም። ባለቤቴ ነጠላዋን ለብሳ መጣች። ሜዳ ገብታ ስታየው ከኮሌጅ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። የጨዋታው ስምንተኛ ዙር ላይ ስሙ ተጠራ። ጉብታው ላይ ወጣ፣ አፈሩን በእግሩ ጠረገ፣ አማተበ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ወረወረ። ስከፍት ካቸሩ ዘሎ እንኳ አልደረሰባትም፤ ኳሷ ከኋላው ያለው አጥር ላይ ነጥራለች።

ባለቤቴ ተነሥታ እልልታውን አቀለጠችው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

«ኧረ ሳተ እኮ» አልኳት።

«ቢስትስ?» አለችኝና ደገመችው።