ቃሉ እስኪመጣ

ስለ አፌዥያ፣ ማለትም አንጎል ሲጎዳ ስለሚመጣ የቋንቋ ችግር፣ ሳስተምር ድሮ የምጀምረው ከፓሪስ ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ በ1861 እ.ኤ.አ. የመረመረው፣ ከ«ታን» በቀር ቃል የማይወጣው በሽተኛ። አሁን የምጀምረው ከአንድ የጎጃም ገበሬ ነው።

ተማሪዎቼን ለአታችመንት፣ ለተግባር ልምምድ፣ ይዤ ሄጄ ነው ያገኘኋቸው። ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሏል። የሚባለው ይገባቸዋል፤ መመለስ ግን አቃታቸው። ተማሪዬ የሥዕል ካርዶቿን አውጥታ «አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለቻቸው። ፒያኖ። ቀጥሎ ከበረዶ የተሠራ ሰው። አንገታቸውን ደፉ። «አልመለሱም» ብላ ልትጽፍ እስክሪብቶ አነሳች።

ካርዶቹን የሰጠኋት እኔ ነኝ። እኔም የተማርኩት በእነሱ ነው። ግን በደህናቸው ጊዜስ ፒያኖ የት ያውቃሉ?

በማግስቱ ገበያ ወጥተን ፎቶ አነሳን። ማጭድ፣ እንስራ፣ ሰፌድ፣ ቀንበር። ከዚያ ወዲህ ተማሪ ሁሉ ታካሚ ከማየቱ በፊት ገበያ ዞሮ የራሱን ካርድ ይሠራል።

ቀንበሩን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ። «ቀ... ቀ...» አሉ። አላስቻለኝም፤ «ቀንበር!» ብዬ አቀበልኳቸው። ዝም አሉ። ልጃቸው ቀስ ብሎ «ዶክተር፣ ሊሉት ነበር እኮ» አለኝ። እስካሁን ይቆረቁረኛል።

እንደሳቸው ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ቃሉ ከውስጡ አልጠፋም። ወደ ቃሉ የሚወስደው መንገድ ነው የተበላሸው። ጊዜ ይፈልጋል። አሁን በልቤ እስከ 10 እቆጥራለሁ። ካልመጣ የመጀመሪያውን ድምፅ እሰጣለሁ፤ ቃሉን ግን አልነጥቅም።

ተማሪዎቼንም ስነጥቃቸው ኖሬያለሁ። ትንሽ ሲደናገሩ ታካሚው ፊት ሥራውን እቀበላቸው ነበር። በጎጃም ቅኔ ቤት እኮ ተማሪው ራሱ ቅኔውን ቆጥሮ ይመጣል፤ መምህሩ ሰምቶ ያርማል። አሁን ከኋላ እቀመጣለሁ። ታካሚው ውኃ ሲውጥ ትን ካላለው ወይም ሌላ የሚጎዳው ነገር ካላየሁ አልገባም። ሌላው በኋላ ቡና ላይ ይነሳል። እሱንም «አንቺ ምን አየሽ?» ብዬ ነው የምጀምረው።

አንድ ጠዋት እኚሁ አባት «አቡነ ዘበሰማያት»ን ሳያቋርጡ ደገሙት። ልጃቸው «ዳኑ!» ብሎ አለቀሰ። በቃል የተጠና ነገር ሌላው ንግግር ሲጠፋም ሊተርፍ እንደሚችል ማስረዳት ነበረብኝ። በሥራዬ ከባዱ ይሄ ነው። ተስፋውን ሳልሰብር እውነቱን መናገር።

የመጨረሻው ቀን ተማሪዬ ቀንበሩን እንደገና አሳየቻቸው። ጠበቀች። እኔም ከኋላ እየቆጠርኩ ነው። አሥሩ አለፈ፤ አሁንም ጠበቀች።

«ሞፈር» አሉ።

ተማሪዬ «ስህተት» አላለችም። «ሞፈር» ብላ ጻፈችና ከጎኑ «ቀርበዋል» አለችበት።