ባሕሩ ሥራ ያለው የቤተሰብ ልብ ወለድ

በባሕር ዳርቻ የሚተረኩ የቤተሰብ ልብ ወለዶች አንጀት የሚያርሱት በምን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ ብዙው ሰው ነፋሱን፣ አሸዋውንና የጀንበር መጥለቂያውን ይጠራል። እነዚህ ለሽፋን ሥዕል ይበቃሉ፤ 600 ገጽ ግን አይሸከሙም። 600 ገጹን የሚሸከመው ባሕሩ በቤተሰቡ ላይ ያለው ሥልጣን ነው። አባት መቼ እንደሚወጣ፣ ማን ውጭ እንደሚያድር፣ ማን ደጅ ደጁን እያየ እንደሚያመሽ የሚወስነው እሱ ነው። ባሕር አይቶ የማያውቅ አንባቢም ደጅ ደጁን ማየትን ያውቀዋል፤ መጽሐፉ የሚይዘው በዚያ ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። ባሕሩን ከታሪኩ አውጡና በቦታው ተራራ አስቀምጡ። ታሪኩ ምንም ሳይጎድልበት ከቀጠለ ባሕሩ ጌጥ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ መቶኛው ገጽ ላይ ይደክማል፤ ጸሐፊው ስለ ሞገዱ ድምፅ ደጋግሞ መጻፍ ሲጀምር ያኔ ይታወቃል።

እንዲህ ያለው ትውልድ የሚያቋርጥ የቤተሰብ ታሪክ «ሳጋ» ይባላል። ቃሉ የመጣው ከአይስላንድ ነው፤ ሥሩም «መናገር» ከሚለው ግሥ ጋር ይዛመዳል። አብዛኞቹ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፉት የአይስላንድ የቤተሰብ ሳጋዎች ባሕር ተሻግረው ስለ ሰፈሩ ሰዎች፣ ስለ መሬታቸውና ስለ ቂማቸው ያወራሉ። ብዙዎቹ ደም የበዛባቸው ናቸው። የዛሬው አንጀት አርስ ልብ ወለድ ውርሱንም ቂሙንም እንዳለ ይዞ ደሙን ቀነሰ፣ እርቁን አስረዘመ። ለዚህም ነው ያለ ከባድ ጠብ የማይቆመው፤ ማንም ያልተቀያየመበት እርቅ ለማን ይጥማል?

የባሕሩ የመጀመሪያ ሥራ ሰዓት መሆን ነው። በብዙ ዳርቻዎች ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ሙላቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን የፀሐይና የጨረቃ ስበት ስለሚተባበር ውሃው ከወትሮው በላይ ይወጣል፣ ከወትሮው በታችም ይወርዳል፤ ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ልዩነቱ ይጠብባል። አሁን ይህን ወደ ታሪኩ አምጡት። ቤቱን ከመንደሩ የሚያገናኘው መንገድ ውሃ ሲሞላ የሚሰጥም ከሆነ፣ ለቀብር የመጡ የተኮራረፉ ወንድምና እኅት አንድ ጣሪያ ሥር ለሰዓታት መቆየት ግድ ይሆንባቸዋል። በሩን የቆለፈባቸው ጸሐፊው አይደለም፤ ጨረቃ ናት።

ስህተቱም የሚበዛው እዚሁ ላይ ነው። ሰኞ እኩለ ቀን የሞላ ባሕር ቅዳሜ እኩለ ቀንም ሞልቶ ከተጻፈ አይሆንም። በአምስቱ ቀን ሙላቱ ከ4 ሰዓት በላይ ተገፍቷል፤ ቅዳሜ እኩለ ቀን ውሃው ገና ከጉድለቱ እየተነሣ ነው። ቦታም ይወስናል። በአብዛኛው የሜዲትራኒያን ዳርቻ ልዩነቱ ከግማሽ ሜትር ስለማይበልጥ የሚሰጥመው መንገድ እዚያ አይሠራም፤ በካናዳው የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ግን 16 ሜትር ድረስ ይደርሳል። ደግሞም በዚያ ቤት 40 ዓመት የኖረች አያት በውሃው አትያዝም። የሚያዘው እንግዳው ነው፤ አለበለዚያም ሐሳብ የያዘው ሰው። አያቲቱ በውሃው ከተያዘች አንባቢው አንድ ነገር ደርሶባታል ብሎ ይሠጋል፤ ያንን ሥጋት መጠቀም የሚያውቅ ጸሐፊ ትልቅ ነገር በእጁ ይዟል።

ቤቱ ሌላው ገጸ ባሕርይ ነው። ጨው እርጥበት ይስባል፣ ጨዋማ ውሃም የብረትን ዝገት ያፋጥናል፤ ስለዚህ ማጠፊያው፣ ሚስማሩ፣ የመስኮቱ መቀርቀሪያ በየጊዜው መቀየር አለበት። ይህ ለታሪኩ ሀብት ነው። ቤቱ ለሦስት ልጆች ሲወረስ፣ እዚያው የቀረችው ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ ዝገት ስትፍቅና ቀለም ስትቀባ ኖራለች። የሄዱት ሁለቱ ደግሞ ድርሻቸው ያስፈልጋቸዋል፤ የሚያሳድጉት ልጅ፣ የሚከፍሉት ዕዳ አለባቸው። ሦስቱም ልክ ናቸው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው እንደሚባለው፣ ከአንድ ማሕፀን ወጥተው ያንን ቤት በሦስት ዓይን ያዩታል። በዚህ ዘርፍ ክፉ ሰው የማያስፈልገው ለዚህ ነው። ክፉ አጎት ከመጣ ጥፋቱ ሁሉ ወደ እሱ ይሄድና የወንድማማቾቹ እርቅ ዋጋ ያጣል።

የትውልዱን ቁጥር በተመለከተ ሦስት ይበቃል። አንድ ትውልድ ከ25 እስከ 30 ዓመት ቢታሰብ ታሪኩ 70 ወይም 80 ዓመት ይሸፍናል። ከውስጥ ሆነን የምናያቸው ሰዎች ከስድስት ወይም ከሰባት ካለፉ አንባቢው ወደ መጀመሪያው ገጽ የዘር ሐረግ እየተመላለሰ ይሰለቻል። ጸሐፊው ዓመቱን ወደ ታች፣ ስሞቹን ወደ ጎን አድርጎ ሠንጠረዥ ያስምር፣ በየሳጥኑ ዕድሜ ይጻፍ። ያለ ሠንጠረዥ የ58 ዓመት አያትና የ30 ዓመት የልጅ ልጅ አንድ ማዕድ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሲሰላ አያትም እናትም በ14 ዓመታቸው ወልደዋል ማለት ነው፤ ጸሐፊው ይህን አላሰበውም።

ምሥጢሩ ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሆድ ይፍጀው ተብሎ 40 ዓመት የተቀመጠ ነገር ሦስት ሰው ያሻዋል፤ የሚያውቅ፣ ቢሰማ የሚጎዳ፣ ፈልጎ የሚያገኝ። የዝምታው ምክንያት በሕይወት ያለ ሰው መጠበቅ ካልሆነ «ለምን ያኔ አልነገረችውም?» የሚል ጥያቄ መጽሐፉን ያፈርሰዋል። ፍንጩ በመጀመሪያው ሩብ ላይ፣ ያውም በዕቃ ቢመጣ እመርጣለሁ። የውሃው ሙላትና ጉድለት ሰዓት የታተመበት ዓመታዊ ሠንጠረዥ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል እንበል። አያቲቱ ያለፉትን ዓመታት ሠንጠረዥ በመሳቢያ አስቀምጣቸዋለች፤ ባሏ በወጣባቸው ቀኖች ሁሉ ጎን በእርሳስ ትንሽ ጭረት አለ። በአንዱ ዓመት የሦስት ሳምንት ጭረት የለም። የልጅ ልጇ ይህን ስታይ ምንም መባል የለበትም፤ መሳቢያውን ትዝጋውና ታሪኩ ይቀጥል።

እርቁ በንግግር ብቻ ሲመጣ ይቀልላል። በሥራ መሃል ሲመጣ ነው አንጀት የሚገባው፤ ለዚህም ከመረብ ጥገና የተሻለ አላውቅም። የመረቡ ቀዳዳ መጀመሪያ ይበልጥ ይከፈታል እንጂ አይጠብም፤ የተበጣጠሰው ክር እየተቆረጠ ዳሩ ይስተካከላል። ከዚያ ሦስት ክር ብቻ ከቀረለት ቋጠሮ ይጀመርና ክር በተጠቀለለባት ጠፍጣፋ መርፌ የመረቡ ዓይን እየተለካ፣ አንድ በአንድ እየተቋጠረ ይወረዳል። አንዱ መረቡን ወጥሮ ይይዛል፣ ሌላው ይቋጥራል። ሁለቱም የሚያዩት ክሩን ነው። አባትና ልጅ ፊት ለፊት ተያይተው የማይወጣቸው ቃል፣ ዓይን ለዓይን ሳይገጣጠሙ እዚህ ይወጣል። የያዘው ሰው መረቡን ድንገት ቢያላላ፣ የቋጠረው ሰው ቀና ይላል። አንድ ገጽ ሙሉ «ይቅር በለኝ» ከሚል ያ ቀና ማለት ይበልጣል።

መጨረሻው ላይ ሁሉም ይቅር ሲባባል አንባቢው ይጠረጥራል። አንዱ እርቅ ሙሉ፣ አንዱ ግማሽ፣ አንዱ ገና ያልተጀመረ ይሁን። ጀንበርም አትጥለቅ። ይልቅ ወጥ ቤቱ ውስጥ የአዲሱ ዓመት ሠንጠረዥ ይሰቀል፤ እዚያው ቤት የቀረችው ልጅ ሚስማሩን ስትመታ፣ የሄደው ወንድሟ ጣቱን በመስመሮቹ ላይ እያሮጠ የሚመጣበትን ቀን ይፈልግ፣ እርሳሱንም ይጠይቅ።