በሐምሌ ወደ ጫንጮ

አክስቴ የሚኖሩት ጫንጮ ነው። ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በበጋ ሽርሽር ነው። ሐምሌ ላይ ግን ሳይዘጋጁ የሚወጡበት መንገድ አይደለም። ስለዚህ ዝናቡ ሳይጠነክር መኪናዬን ጎሚስታ ጋ ወሰድኳት።

ጎሚስታው ጎማዎቹን ዳሰሰና «ወንድሜ፣ የኋላዎቹ አያዛልቁህም» አለኝ። በጎማው ጥርሶች መሃል፣ ከጎድጓዳው ሥር፣ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ። ጥርሱ ተበልቶ ከእነሱ ጋር ከተስተካከለ የቀረው 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ለክረምት እዚያ ድረስ ባይጠበቅ ይሻላል፤ እኔ 3 ሚሊ ሜትር ላይ እቀይራለሁ። የጥርሱ ሥራ ውሃውን ከጎማው ሥር ማስወጣት ነው። ውሃው መውጫ ሲያጣ መኪናው ይንሳፈፋል፤ ያኔ መሪም ፍሬንም አይታዘዝም። ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች አስቀየርኩ። ንፋሱንም ሾፌሩ በር ጋ በተለጠፈው ልክ አስሞላሁ። በዝናብ ጊዜ ንፋስ መቀነስ ይረዳል የሚሉ አሉ። አይረዳም፤ እንዲያውም መንሳፈፉን ያባብሳል።

የዝናብ መጥረጊያውንም ቀየርኩ፤ የፍሬን ሸራውንም አስፈተሽኩ።

ከአዲሱ ገበያ ዳገቱን ስጀምር ጭጋጉ የእንጦጦን ባሕር ዛፎች ውጧቸዋል። መስታወቱን ከውስጥ ላብ አለበሰው። ኤሲውን ከሙቅ አየር ጋር አበራሁት። ብዙዎቻችን ኤሲ ለሙቀት ብቻ ይመስለናል፤ አየሩን ስለሚያደርቀው ግን መስታወቱን ቶሎ ያጠራዋል። በጭጋግ ረጅም መብራት አይበራም፤ ብርሃኑ ተመልሶ ዓይን ውስጥ ይገባል። በአጭር መብራት ቀስ እያልኩ ስሄድ የኋላ መብራት የሌለው የጭነት መኪና ድንገት ከፊቴ ብቅ አለ። ይህ በሰው ነፍስ መቀለድ ነው! እባካችሁ፣ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ መብራታችሁን ይይላችሁ።

ወደ ሱሉልታ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ወረድኩ። ፍሬን ያለማቋረጥ ከተረገጠ ይግልና አቅሙ ይደክማል።

የሱሉልታ ሜዳ በክረምት ሲያዩት ልብ ያሳርፋል። ሣሩ፣ ከብቱ፣ ውሃው። ግን ያው ውሃ አስፋልቱ ላይ ሲተኛ ጉድጓዱን ይደብቃል። ጫንጮ ልደርስ ስል ጎርፍ መንገዱን አቋርጦ ይፈስ ነበር። 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ወራጅ ውሃ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል። ዳር ይዤ ቆምኩና አክስቴ ጋ ደወልኩ። «ልጄ፣ ምሳው የትም አይሄድ፤ ውሃው ይጉደል» አሉኝ።

ጎደለ። በአንደኛ ማርሽ ተሻገርኩ፤ ከዚያም እንዲደርቅ ፍሬኑን ደጋግሜ ነካ ነካ አደረግኩ። ዶሮው ሳይበርድ ደረስኩ። አክስቴ እደር ቢሉኝም 9 ሰዓት ላይ ተነሳሁ፤ የእንጦጦን መንገድ በክረምት በጨለማ አልነዳውም።