ቢጫዋ ካርድ

ከእርግዝና ክትትል ክፍል ከሚመጣልን ደም ሁሉ እንደዚያ ቲዩብ ያጨቃጨቀን የለም።

አዳማ ውስጥ በምሠራበት ላብራቶሪ፣ ፈቃደኛ ከሆኑ ነፍሰ ጡሮች ትንሽ ተጨማሪ ደም እየወሰድን በቢምቢ የሚተላለፈውን የደንጊ ቫይረስ አይጂጂ በኤላይዛ፣ ማለትም በቀለም ለውጥ በሚነበብ የደም ምርመራ፣ እንሠራ ነበር። አይጂጂ ሰውነት ቫይረስን ለመከላከል የሚሠራው አንቲቦዲ ነው፤ አሁን ታማለች አይልም። ቫይረሱ ድሮ ጎብኝቷት እንደሆነ ነው የሚናገረው። ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል። ፎርሙ ግን «ባለፉት 6 ወራት ከአዳማ ወጥተሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ፎርሙን ያዘጋጁት ከላይ የመጡት ሱፐርቫይዘር ናቸው።

አንድ ቀን የምርመራውን ማቆሚያ ስቶፕ ሶሉሽን ስጨምር የአንዷ ዌል፣ ናሙናዋ ያለበት የሳህኑ ጉድጓድ፣ እንደ እርድ ቢጫ ሆነ። ለማወዳደሪያ የምናስቀምጠውን ፖዘቲቭ ኮንትሮል አስናቀው። ሱፐርቫይዘሩ ቁጥሩን አይተው ዓይናቸው በራ።

«አልወጣችም ትላለች። አዳማ ውስጥ ደንጊ አለ ማለት ነው!»

«ዶክተር፣ በዚህ ምርመራ የቫይረሱ ዘመዶች ከደንጊ ጋር ይምታታሉ እኮ። ዚካም፣ ዌስት ናይልም፣ ቢጫ ወባም…»

«አንተ ቲዩብህን ሌብል አድርግ።»

እሺ ብዬ ሌብል አደረግሁ።

ለሁለተኛ ናሙና ተጠራች። ሰባት ወሯ ነው። ወንበር ብሰጣትም አልተቀመጠችም።

«ዶክተር፣ ልጄ ምን ሆነ?» ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።

«ምንም አልተባለም እህቴ። ደምሽ ላይ ያየነው የድሮ ነገር ነው።»

«እኔ የድሮ ምንም የለኝም! ባሌን ጠይቀው!»

«ኧረ የቢምቢ ነው የምልሽ።»

አሁን ተቀመጠች። የወባዋ ማታ እንደምትነክስ፣ ይቺኛዋ ግን ቀን ቀን እንደምትነክስና በርሜልና አሮጌ ጎማ ውስጥ በቆመ ውሃ እንደምትራባ ነገርኳት። «ውሃ ጠፍቶ በርሜል የሌለው ማን አለ?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ፎርሙ ላይ የሌለውን ጠየቅኋት፦ ከዚያ በፊትስ የት ነበርሽ?

«ጅዳ።»

ሱፐርቫይዘሩ ከስልካቸው ቀና አሉ።

«ስትሄጂ ክትባት ተወግተሻል?»

ቦርሳዋን ከፍታ ከክትትል ካርዷ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለች ቢጫ ካርድ አወጣች። ማኅተሙ ደብዝዟል፤ «ቢጫ ወባ» የሚለው ግን ይነበባል። «ፓስፖርቱ አልቋል። ይቺን ግን አልጥልም፣ ብር ከፍዬባታለሁ» አለች።

ሱፐርቫይዘሩ ካርዷን ገለጥ አድርገው፣ «ይሄማ ጊዜው አልፎበታል» አሉ።

ካርዷ የምታገለግለው አሥር ዓመት ነው የሚለው ሕግ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀርቷል፤ አሁን ዕድሜ ልክ ነው። ባይቀርስ? አንቲቦዲ ማኅተም አያነብ። ይህን ጮክ ብዬ አልተናገርኩም። ሲስተር ግን ፊቴን አይታ ወደ ግድግዳው ዞረች።

እውነቱን ለመናገር የቢጫ ወባ ክትባት ብቻውን ዌል እንዲያ ቢጫ ያደርጋል ወይ ብትሉኝ እኔም እጠራጠራለሁ። ጅዳ ራሷ ደንጊ ያለባት ከተማ ናት። ወይም ደግሞ ዶክተሩ እንዳሉት እዚሁ ሰፈሯ ነክሳት ይሆናል። የሚለየው፣ አንቲቦዲው የትኛውን ቫይረስ እንደሚያከሽፍ የሚያየው የኒውትራላይዜሽን ምርመራ ነው። እሱ ሕያው ቫይረስና የሴል ካልቸር ይፈልጋል፤ እኛ ጋ መብራት እንኳ ሲሄድ ጄኔሬተር አስነሺ ነው የምንፈልገው። ሁለተኛው ደም ከመጀመሪያው አልጨመረም። አዲስ ሕመም አለመሆኑን ነገርናት። «ታዲያ መቼ ነው የያዘኝ?» አለች። ዝም ስንል ካርዷን በላስቲኳ ጠቅልላ ሄደች።

በሚቀጥለው ዙር ፎርሙ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ተጨመሩ፦ ከዚህ በፊት የኖሩበት ቦታ፣ የቢጫ ወባ ክትባት። በስብሰባው ላይ ሱፐርቫይዘሩ «በመስክ ባደረግሁት ምልከታ የደረስኩበት» ብለው አቀረቡት። ጥሩ አድርገው ነው ያብራሩት፣ ከእኔ የተሻለ። እኔም ከኋላ ሆኜ አጨበጨብኩ።